የዓይን ሞራ የእርጅና ዕጣ አይደለም፤ በጊዜው እንታከም

በአምበርና በአካባቢው የምትኖሩ ገበሬዎች፣ እናቶችና አባቶች ሆይ! ዛሬ ስለ ዓይን እንነጋገር። ጽሑፉ ረዘም ያለ ነው። ባንድ ቀን ጨርሱት አንልም። አንዱን ክፍል ዛሬ፣ ሌላውን ነገ አንብቡት። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። በተለይ ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አንብቡላቸው። ነገሩ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እነሱን ነውና።

በየመንደሩ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው የሚውሉ አዛውንት አሉ። ሲነሱ ዱላ ይዘው፣ በልጅ ተመርተው ነው። «እኒህ ሰው ምን ሆነው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው። «ምን ይሆናሉ! አርጅተው ነው እንጂ» ይባላል። ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኛ ግን ይህ መልስ ትክክል አይደለም እንላለን። ፀጉር ቢሸብት የእርጅና ነው። ጉልበት ቢደክም የእርጅና ነው። ዓይን ጨርሶ ሲጠፋ ግን «አርጅተው ነው» ብሎ መተው ሰውን በቁሙ መቅበር ነው። ከእነዚህ አዛውንት ብዙዎቹን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ ይታከማል፤ ይድናልም። ሊድን የሚችልን ሰው በጨለማ ማስቀመጥ የሁላችንም ጥፋት ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላ

በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ስለ ዓይነ ስውርነት ጥናት ተደርጎ ነበር። ጥናቱ ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑን አሳየ። ነጥብ ያለው ቁጥር ግራ ያጋባል፤ በሺህ ብናደርገው ይቀላል። ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ነው ማለት ነው። ከ16ቱ ውስጥ 8 ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። እኩሌታው ማለት ነው! ትራኮማ ሁለተኛ ነው።

ጥናቱ አንድ ሌላ ነገርም ነገረን። ከ100 ዓይነ ስውራን 87ቱ ያህል የታወሩት ሊከላከሉት ወይም ሊያክሙት በሚቻል ምክንያት ነው።

እስቲ 5,000 ሰው የሚኖርበትን አንድ ቀበሌ እናስብ። በዚያ ጥናት ስሌት 80 ዓይነ ስውራን ይኖሩበታል። ከእነሱ 40ዎቹ የሞራ ሕመምተኞች ናቸው። ይህ ያገር አማካይ ነው፤ ከቦታ ቦታ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ነገር ግን አርባ ሰው ቀላል አይደለም። እያንዳንዳቸውን አንድ ልጅ ቢመራ አርባ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ ማለት ነው። አንድ ሰው ሲታወር ሁለት ሰው ከሥራ ይወጣል የምንለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በ25 ዓመታቸው ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሞራ የሚበረታው በዚሁ ዕድሜ ነው። በኩራዝ ብርሃን፣ ከእርሻ መልስ፣ እንቅልፍን ታግሎ ፊደል የለየ ዓይን ነው። አሁን ያን ዓይን ሞራ ሲጋርደው ዝም ብለን እናያለን ወይ?

ሞራ ምንድን ነው?

ስሙ ያሳስታል። በግ ስናርድ ሆድ ዕቃውን የሸፈነውን ስብ ሞራ እንለዋለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይም ከውጭ በኩል ሞራ የተጋረደ ይመስለዋል። ቢታጠብ፣ ቢፋቅ፣ ጠብታ ቢደረግበት የሚለቅ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የሰው ዓይን መካከሉ ጥቁር ክብ ነው። ብሌን እንለዋለን። ብርሃን የሚገባው በብሌን ነው። ከብሌን በስተኋላ አንድ ጥርት ያለ ትንሽ ነገር አለ። ሐኪሞች ሌንስ ይሉታል። ሌንስ የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም ምስር ማለት ነው። ቅርጹ ምስር ስለሚመስል ነው። መጠኑ ከትንሽ ባቄላ ፍሬ አይበልጥም። ሥራው ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ዓይን ጀርባ ማድረስ ነው።

ሞራ ማለት ይህ ጥርት ያለ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ጥሬ እንቁላል ስትሰብሩ ነጩ ክፍል ውሃ ይመስላል፤ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሲቀቀል ግን ይነጣል፤ ምንም አያሳይም። የዓይን ሌንስም እንዲሁ ነው። ታዲያ የተቀቀለ እንቁላል ቢታጠብ ወደ ጥሬነቱ ይመለሳል ወይ? አይመለስም። የደፈረሰ ሌንስም በጠብታ፣ በኪኒን፣ በቅጠል ጭማቂ ወይም በመነጽር አይጠራም። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው። የደፈረሰውን አውጥቶ ጥርት ያለ መተካት ነው። ይህን የሚያደርገው የሠለጠነ የዓይን ሐኪም ነው።

ሌንስን የሚያደፈርሰው ዋናው ነገር ዕድሜ ነው። ስኳር በሽታ ግን ያፋጥነዋል። ዓይንን የመታ ዱላ፣ ድንጋይ ወይም የከብት ቀንድ በወጣትነትም ያመጣዋል። ሲጋራ ያባብሰዋል። ሐኪም ሳያዝ ለብዙ ጊዜ የሚጨመር አንዳንድ የዓይን ጠብታም ሞራ ያመጣል። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ጠብታ ሐኪም ሳያዘው ዓይናችሁ ላይ አታድርጉ።

ምልክቶቹን እንወቅ

ሞራ ሌባ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። አያምም። አያሳክክም። ዓይንን አያቀላም። ጥርስ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ አስቀምጦ ያሳድር ነበር፤ ሰውየውም ሲነጋ ሐኪም ፍለጋ ይሄድ ነበር። ሞራ ግን ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ ጉም ወይም ጭስ መካከል ያሉ ይመስል ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። ዓይንን ቢያሹት፣ ቢታጠቡት አይለቅም።

2ኛ/ የቀን ፀሐይ ይጎዳል። በቀትር ዓይን ይወጋል፤ ከፊት የሚመጣው ሰው አይለይም። አንዳንዱ ሰው ምሽት ላይ የተሻለ ያያል።

3ኛ/ ማታ መብራት ዙሪያውን ብርሃን ይረጫል። የመኪና መብራት ሲመጣ ዓይን ይሞላል።

4ኛ/ ቀለም ይፈዛል። ነጩ ቢጫ ይመስላል። ነጭ ጤፍና ሰርገኛ ጤፍ አልለይ ይላል። የብር ኖት ማምታታት ይጀመራል።

5ኛ/ ሥራ ይበላሻል። ትልሙ የማይጠም የነበረ ገበሬ ትልሙ ይጠምበታል። ምስር ስትለቅም ጠጠር የማታሳልፍ የነበረች እናት ጠጠር ታሳልፋለች። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷት የልጅ ልጇን ትጠራለች።

6ኛ/ ሰው የሚታወቀው በድምፁ ብቻ ይሆናል። «ማነህ?» ማለት ይበዛል። ቁልቁለት ላይ እግር ይስታል።

7ኛ/ አንዳንድ ሰው ደግሞ ያለ መነጽር ቅርብ ማንበብ ድንገት ይችላል። «ዓይኔ ተሻለው» ይላል። አልተሻለውም። ሌንሱ ሲለወጥ ለጊዜው የሚመጣ ነገር ነው፤ የሩቁ ማየት እየከፋ ይሄዳል።

8ኛ/ ሞራው ሲቆይ ጥቁሩ ብሌን ግራጫ፣ ኋላም ነጭ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ምልክት ነው። እስኪነጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

በቤት የሚደረግ ፈተና

ሞራ ብዙ ጊዜ ባንድ ዓይን ይቀድማል። ደህናው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል። ሰውየው በሁለቱም እያየ ስለሚመስለው አያውቀውም። ስለዚህ ዓይንን አንድ ባንድ መፈተን ነው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። በቀን ብርሃን ደጅ ላይ ቁሙ። ግራ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑት፤ አትጫኑት። ሌላ ሰው 6 ሜትር ያህል፣ ማለትም 8 እርምጃ ርቆ ይቁም። ጣቱን አንዴ ሁለት፣ አንዴ አራት እያደረገ ያሳያችሁ። ቁጠሩ። ከዚያ ቀኝ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ በግራው ቁጠሩ።

ባንደኛው ዓይን መቁጠር ካቃታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰውየው ወደ 3 ሜትር፣ ማለትም ወደ 4 እርምጃ ቀርቦ፣ በተሻለው ዓይናችሁም መቁጠር ካቃታችሁ በሐኪሞች መለኪያ ከዓይነ ስውራን ተራ ትቆጠራላችሁ። ያን ጊዜ ለከርሞ ማለት የለም። ጣት መቁጠር ብትችሉም ማየታችሁ ሥራችሁን ካጓደለ ሂዱ። መለኪያው ሥራችሁ ነው።

ይህን ፈተና ቤተሰቡ ሁሉ ቢያደርገው መልካም ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁሉም ሞራ አይደለም

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ምልክቱን ማወቅ ጥሩ ነው፤ «ሞራ ነው» ብሎ መፍረድ ግን የሐኪም ሥራ ነው። ከሞራ ጋር የሚምታቱ በሽታዎች አሉ።

አንዱ ግላኮማ ይባላል። እሱም ብዙ ጊዜ አያምም። ማየትን ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሀል ይመጣል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። የቀረውን ማትረፍ የሚቻለው ቀድሞ ከተገኘ ነው። «ሞራ ነው፤ ይቆይ» ያለ ሰው በግላኮማ ታውሮ ሊቀር ይችላል። በተለይ ወላጁ ወይም ወንድሙ በግላኮማ የታወረ ሰው ከ40 ዓመቱ በኋላ ዓይኑን ያስመርምር።

ሌላው ትራኮማ ነው። የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተገልብጦ ብሌኑን ሲፈገፍግ ጠባሳ ይተዋል። ሽፋሽፍቱን በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ለዚህም አጭር ቀዶ ሕክምና አለ። በክልላችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ማልትራ በተባለው የወባና የትራኮማ ሳምንት ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት ለሕዝብ ሲታደል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መድኃኒቱ ለትራኮማ ነው እንጂ ለሞራ አይደለም። «ኪኒኑን ውጫለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው በሽታ አይባልም። ከ40 ዓመት በኋላ ሩቁ ደህና እየታየ ቅርቡ ብቻ ይደበዝዛል። ይህን ጽሑፍ እጃችሁን ዘርግታችሁ አርቃችሁ የምታነቡ ከሆነ ይኸው ነው። ለዚህ የማንበቢያ መነጽር ይበቃል። ፊደሉ የጠፋችሁ መስሏችሁ ማንበብ አታቁሙ።

አንድ ቀን የማይጠበቅላቸው

ለሞራ ቀጠሮ ይዞ መሄድ ይቻላል። የሚከተሉት ግን ዛሬ ነገ አይባልባቸውም። በዚያው ቀን መሄድ ነው።

ሀ/ ዓይን ድንገት ሲጨልም። ሕመም ባይኖረውም።

ለ/ ዓይን ቀልቶ በብርቱ ሲያም፣ ማየት ሲቀንስ፣ ራስ ሲፈልጥና ሲያስታውክ።

ሐ/ እሾህ፣ ገለባ፣ የብረት ስባሪ፣ ጅራፍ ወይም ቀንድ ዓይንን ሲወጋ ወይም ሲመታ። በአውድማ፣ በውቂያና በማናፈስ ጊዜ ይህ ይበዛል። የተወጋ ነገር ካለ አትንቀሉት፤ አትሹት። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ዓይኑ ቆስሏል ማለት ነው።

መ/ ኖራ፣ የአረም ወይም የተባይ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ሲገባ። ለዚህ መጀመሪያ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ፣ ከዚያ መሄድ ነው።

ሠ/ የሕፃን ብሌን ነጭ ሆኖ ሲታይ። ሕፃናትም በሞራ ይወለዳሉ። የሕፃን ዓይን ማየትን የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ሌንሱ ቢቀየር እንኳ በደንብ ማየት አይችልም። ነጩ ነገር ሕይወት የሚያጠፋ ዕጢም ሊሆን ይችላል። «ሲያድግ ይለቀዋል» አትበሉ።

«ይብሰል» የሚባለው ነገር

ሞራ ያለባቸውን ሰዎች ስንጠይቅ ብዙዎቹ «ገና አልበሰለም ተብዬ ነው» ይላሉ። ይህ ድሮ እውነት ነበር። በቀድሞው አሠራር ሌንሱ እስኪጠነክር መጠበቅ የተሻለ ነበር። ዛሬ ግን አሠራሩ ተለውጧል። ሞራው ሥራ ካስፈታ መታከም ይችላል። እንዲያውም ከልክ በላይ ሲቆይ ሌንሱ ይደርቃል፤ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። አንዳንዴም ያብጥና የዓይን ግፊት አምጥቶ ብርቱ ሕመም ያስከትላል። ያን ጊዜ ዓይኑ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ጤፍ ሲደርስ ይታጨዳል እንጂ እስኪረግፍ አይጠበቅም። የሞራም ነገር እንዲሁ ነው።

ሌላው ፍርሃት «ዓይኔን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል» የሚለው ነው። ይህ ፈጽሞ አይደረግም። ዓይን ከቦታው አይነቃነቅም። የዓይኑ አካባቢ በመድኃኒት ይደነዝዛል። ሰውየው ነቅቶ ይተኛል፤ ሐኪሙ ሲናገር ይሰማል። ሐኪሙ በዓይኑ ዳር ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል፤ በቦታው ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ያድራል፤ በማግሥቱ ይፈታል። ብዙ ሰው በዚያው ቀን የሰው ፊት ይለያል።

ይህ ሌንስ የተገኘበት መንገድ ያስገርማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ሲሰበር ስባሪው ባብራሪዎች ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ያ ስባሪ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተዋለ። በኅዳር 1942 ዓ.ም. ለንደን ከተማ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። ሌንሱ ለብዙ ዘመን ውድ ነበር። በኋላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 አውሮላብ የተባለ ፋብሪካ በሕንድ አገር በርካሽ ማምረት ጀመረ። ድሃው ሕዝብም ሊደርሰው ቻለ።

እውነቱን አንሸሽግም። ቀዶ ሕክምና ሁሉ ጥቂት አደጋ አለው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። የዓይኑ ጀርባ በሌላ በሽታ ተጎድቶ ከነበረ ሌንስ መቀየሩ ብቻ ብርሃን አይመልስም። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ይመረምራል፤ ተስፋውንም ይናገራል። ከሕክምናው በኋላ ደግሞ ጥንቃቄው የሕመምተኛው ነው። የታዘዘውን ጠብታ በሰዓቱ ማድረግ፣ ዓይንን አለማሸት፣ ከጭስና ከአቧራ መራቅ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ከባድ ሸክም አለማንሳት፣ አለማረስ፣ በቀጠሮ ቀን መመለስ። ዓይን ካመመ፣ ከቀላ ወይም ማየት ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ተመልሶ መሄድ ነው።

ጠበል የሚሄዱ ብዙ ወገኖች አሉን። ጠበል መጠመቅ ከሐኪም አይከለክልም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድም ከጠበል አይከለክልም። ዓይን ውስጥ የቅጠል ጭማቂ ማድረግ፣ በመርፌ መንካት ግን ዓይንን ያጠፋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ቢመጣ አትፍቀዱለት።

ወዴት እንሂድ?

ከቤት ጀምሩ። መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጤና ጣቢያው አይቶ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ይሰጣችኋል። ከአምበር ደብረ ማርቆስ ሩቅ አይደለም፤ መኪና የሚሄድበት ዋና መንገድ ላይ ነን። ከዚያ የበለጠ ሕክምና ካስፈለገ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የዓይን ሐኪሞች የሚያሠለጥን ትልቅ የዓይን ሕክምና ማዕከል አለው። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የዓይን ሐኪሙ የሚያይበት ቀን መቼ ነው? መንገዱ እንዴት ነው? ክፍያው ስንት ነው? የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተራችሁን ያዙ። የመላኪያ ወረቀቱንም አትርሱ፤ ያለ ወረቀቱ መድኑ ላይሠራላችሁ ይችላል። አልፎ አልፎ የነፃ የዓይን ሕክምና ዘመቻ ይደረጋል። ሲለፈፍ ስትሰሙ ለራሳችሁ ብቻ አትስሙ፤ ደጃፍ ላይ ለተቀመጡት አዛውንት ንገሯቸው። እሳቸው ማስታወቂያ ማንበብ አይችሉም።

ውሳኔው የቤተሰቡ ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሞራ የያዘው ሰው ብቻውን ሆስፒታል አይሄድም። የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውሳኔው የልጆቹ ነው።

በየቤቱ የሚባለውን እናውቃለን። ልጅ «እማዬ፣ ደብረ ማርቆስ ልውሰድሽ» ይላል። እናት «ተወኝ ልጄ! ከእንግዲህ እኔ ምን ላይ ልደርስ ነው? ገንዘቡን ለማዳበሪያ አድርገው» ትላለች። ልጅም እሺ ብሎ ይተዋል። እናቱ ያለችው ለልጇ አዝና ነው። ልጁ እሺ ያለው ግን ስላመቸው ነው። ይህ መልካም አይደለም።

በሬ ዓይኑ ቢታመም ዝም ብለን አናየውም። እንጠይቃለን፣ እንሯሯጣለን፣ ገንዘብ እንበደራለን። «አርጅቷል» ብለን አንተወውም። ታዲያ ያሳደገችን እናት ከበሬ ታንሳለች ወይ? በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ሴቶች የሞራ ቀዶ ሕክምና ከወንዶች ባነሰ ቁጥር እንደሚያገኙ ነው። በሽታው ሴቶችን ስለሚተው አይደለም። ገንዘቡ በወንዱ እጅ ስለሆነ ነው። ሴቲቱም ቤት ውስጥ በዳበሳ ስለምትሠራ አለማየቷ ስለማይታወቅላት ነው። እንጀራ እየጋገረች እጇን ምጣድ የሚፈጃት እናት፣ ወጥ ስታወጣ የምታፈስስ አያት ካለች «ደንግዛ ነው» አትበሉ። በፈተናው ፈትኗት።

የታከመ ሰው ምን ያተርፋል? ልጅ ይጠብቃል፣ ጥጥ ይፈትላል፣ እህል ይለቅማል፣ ከብት ይመልሳል፣ ገበያ ብቻውን ይሄዳል። ይመራው የነበረው ልጅም ትምህርት ቤት ይገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ የልጅ ልጁን ፊት ያያል። ይህ በብር አይተመንም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ደግሞም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ ቤተሰባችሁን ሁሉ ደጅ አውጥታችሁ ጣት አስቆጥሩ። ሁለተኛ፣ መቁጠር ያቃተውን ሰው ስም በወረቀት ጽፋችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጡ። ጽሕፈት የተማርነው ለዚህም ነው። ሦስተኛ፣ የሚሄዱበትን ቀንና ይዟቸው የሚሄደውን ሰው ወስኑ። ቀንና ሰው ያልተወሰነለት ነገር ተረስቶ ይቀራል።

አጨዳና ውቂያ ሲያልቅ እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብም ጊዜም ይገኛል። ለተዝካርና ለሠርግ ከምናወጣው ላይ ለዓይን የሚሆን እንቀንስ። በሕይወት ያለች እናትን ዓይን ማብራት ከሞተች በኋላ ከሚደገስላት ድግስ ይበልጣል።